አስፈራራልኝ

ሰውዬው ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲገባ፣ አባይነህ ከተቀመጠበት ፍራሽ ሊነሳ ሞከረና ጉልበቱ ከዳው። አጠገቡ የነበሩት ደግፈው መልሰው አስቀመጡት። "አይዞህ፣ በርታ" አሉት። ማን ይጠረጥራል? ወንድሙን ትናንት የቀበረ ሰው ጉልበቱ ቢከዳው ማን ምን ይላል? አባይነህን የጣለው ግን ሐዘን አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። የገባው ሩቤን ነበር። ሩቤን ደግሞ አፉን ከከፈተ፣ አባይነህ በቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ፊት፣ በሚስቱና በልጁ ፊት ቀና ብሎ የሚሄድበት ዘመን አበቃ ማለት ነው።

ለቅሶ ቤት መቼም ደግ ነው፤ ማነህ፣ ከየት መጣህ ሳይል በፊት ያበላል። የአባይነህ ሚስት ምሥራች ምስርና ጎመን የሞላ የወረቀት ሳህን ለእንግዳው አስያዘችው። ሰውዬው ግዙፍ ነው፤ አንገቱ ላይ የተነቀሰው የንስር ክንፍ ከሸሚዙ ኮሌታ አልፎ ይታያል። በሁለት እናቶች መሀል ተጣብቆ እግሩን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ነበር። እንጀራውን በሹካ ሲታገለው ያዩ ልጆች ሳቃቸውን ዋጡ።

"ማነው ይሄ?" አሉ እትዬ አበበች በሹክሹክታ። አክስት ናቸው፤ አባይነህንም ሟቹን ዮፍታሄንም ያሳደጉ፣ ለቀብሩ ከኤድመንተን የመጡ።

"የሥራ ጓደኛው ይሆናል" አለ አባይነህ። የወንድሙ መቃብር አፈር ሳይደርቅ ዋሸ።

ዮፍታሄን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ለአባይነህ የመጨረሻ ታናሹ ነው፤ ታክሲ እየነዳ ስፖንሰር አድርጎ ወደ ካናዳ ያመጣው አባይነህ ነው። መጀመሪያ እዚሁ ካልጋሪ፣ ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር አብሯቸው ኖረ፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ሕፃናት ይሸከማል። ሲስቅ ሰውነቱ ሁሉ የሚስቅ ልጅ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ማን ይጠላል? በኋላ ዕቃ የማድረስ ሥራ አገኘና ዶቨር የሚባል ሰፈር ውስጥ ቤዝመንት ተከራየ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። አከራዩ ሜክሲኳዊት ባልቴት ነበሩ፤ እኚህ ሴትዮ ደግሞ የጥንቶቹን የአዝቴክ ጦረኞች ጭፈራ የሚጨፍር ቡድን ይመሩ ነበር።

አዝቴኮች ማለት ስፔኖች ሳይመጡ በፊት ሜክሲኮን የገዙ ሰዎች ናቸው። ጦረኛ ሕዝብ ነበሩ። ጠላቱን ማርኮ ያልመጣ ክብር የለውም፤ ማርኮ የመጣ ግን ላባ ሰክቶ፣ ንስር ተብሎ ከፊት ይቆማል። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ካልጋሪ ውስጥ ጎማ ይቀይራሉ፣ ቢሮ ያጸዳሉ፤ ቅዳሜ ሲደርስ አዳራሽ ተከራይተው፣ ላባቸውን ሰክተው ከበሮ ይመታሉ። እዚያም ታዲያ እንደ ጥንቱ የፊት ቦታ አለ። ሩቤን ያን ቦታ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሯል፤ አባቱም ቆመውበታል። ሴትዮዋ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ቦታውን ለዮፍታሄ ሰጡት። ለሐበሻ! ትናንት ለመጣ ባዕድ! ሲዘል መሬት መኖሩን የሚረሳ ልጅ ነው፣ አሉ።

አባይነህ ጭፈራውን ያወቀው በፎቶ ነው። ሮማነወርቅ የምትባል እህት ከአምልኮ በኋላ ስልኳን አቀረበችለት። በአንድ የበጋ ፌስቲቫል ላይ፣ ደረቱ የተራቆተ፣ ራሱ ላይ ረጃጅም ላባ የሰካ ሰው አየር ላይ እንዳለ ተነስቷል። "ይሄ ዮፍታሄ አይደለም እንዴ?" አለችው። አባይነህ ፎቶውን አየው። ወንድሙ ነው፤ እንዲያውም እንዲህ ደስ ብሎት አይቶት አያውቅም። "ይመስላል እንጂ እሱ አይደለም" ብሎ ስልኩን መለሰላት። ሮማነወርቅ ዛሬም እዚሁ ለቅሶው ላይ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

ከዚያ በኋላ ምክር፣ ከምክር በኋላ ቁጣ ሆነ። ዮፍታሄ ግን "ጋሼ፣ መጨፈር እኮ ነው፤ ማንንም አላመልክም" እያለ ይስቃል። አባይነህ ሃይማኖቱ ተነክቶበት ነው ብንል ደስ ባለን። እውነቱ ሌላ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል ነው።

ያን ሰሞን ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የታክሲውን ጎማ ሊያስቀይር ሰንሪጅ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ሄደ። አንገቱ የተነቀሰ ግዙፍ ሠራተኛ ከመኪናው ሥር ቀና ብሎ አየውና ሥራውን አቆመ። "የዮፍታሄ ወንድም ነህ። ቁርጥ እሱን ትመስላለህ" አለው። ቀጥሎም የጎማ መፍቻውን ብረት እንደጨበጠ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ተናገረ።

"ለወንድምህ ንገረው። ያ ቦታ የአባቴ ነው። ቅዳሜ እዚያ ቆሞ ካገኘሁት እግሩን እሰብረዋለሁ። ያኔ ይዘል እንደሆነ እናያለን።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣል፤ ፖሊስ ይጠራል፤ ቢያንስ ቢያንስ ደውሎ ወንድሙን ያስጠነቅቃል። የአባይነህ ልብ ግን ወደ አገር ቤት ሄደ። አባት ልጁን አስተማሪ ፊት አቁሞ "ግረፍልኝ፣ ሰው አድርግልኝ" ይል የለ? እናት ጎረቤቷን "ይሄን ልጅ ተቆጪልኝ" ትል የለ? እሱም ያደገው እንደዚያ ነው፤ ተንኮል አልነበረውም። ፈገግ አለና በእንግሊዝኛ፣ "ጥሩ ነው፣ አስፈራራልኝ" አለው። "ምናልባት ወደኛ ይመለሳል።"

ሩቤን ብረቱን እንደያዘ አፈጠጠበት። እሱ ይሄን ወግ ከየት ያውቀዋል? የገባው አንድ ነገር ነው፤ ወንድም ወንድሙን አሳልፎ ሰጠው። አባይነህ ከጋራዡ ወጥቶ ዴርፉት አውራ ጎዳና ላይ ሲደርስ ስልኩን አየ። ልደውልለት አለ፤ ደግሞ ምን ብዬ አለ፤ ሳይደውል ቀረ።

ቅዳሜ አለፈ። እሑድ ዮፍታሄ እንደ ልማዱ ምሳ ሊበላ መጣ፤ እግሩም ደህና ነበር። አባይነህ እፎይ ብሎ ነገሩን ረሳው። ዮፍታሄም ስለ ጭፈራ ማውራት ተወ። አባይነህ ወሬው ደርሷቸው ለነበሩት ለፓስተር ቴዎፍሎስ "ወንድሜ ያን ነገር ትቶታል" ብሎ ኩራት ኩራት እያለው አወራ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ባለፈው ሳምንት የዮፍታሄ የዕቃ ማድረሻ ቫን ብላክ አይስ በሚሉት፣ አስፋልት ላይ በማይታይ ስስ በረዶ ተንሸራቶ እስኪገለበጥ ድረስ።

አሁን ፓስተሩ ጸሎት ጨርሰው፣ ስለ ወንድማችን የምትናገሩት ያላችሁ፣ አሉ። አንዳንዶች ተነስተው ትሕትናውንና ሳቁን አወሩ። አባይነህ አንዱንም አልሰማ፤ ዓይኑ ሩቤን ላይ ነው። ሩቤን ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠና ተነሳ። እንግሊዝኛ ለማይሰሙት የአባይነህ ልጅ ቢታንያ ታስተረጉም ጀመር። እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ እንደምንም ነው።

"ስሙ ሩቤን ነው። ከአንክል ዮፍታሄ ጋር፣ ላይክ፣ አብረው ይጨፍሩ ነበር። የአዝቴክ ዋሪየርስ ዳንስ።"

ፓስተሩ ወደ አባይነህ ዞሩ። አባይነህ ምንጣፉን ያያል።

"መጀመሪያ ጠልቼው ነበር ይላል፣ ቢኮዝ ከኛ አይደለም። እግርህን እሰብራለሁ አልኩት። ፓርኪንግ ላይ ጠበቅኩት፣ ብረት ይዤ።" ቢታንያ ወደ ሩቤን ዞረች። "እና..."

ሩቤን አቁሟል። ቀና ብሎ አባይነህን አየው። አባይነህ፣ አሁን ነው፣ አለ በሆዱ። ሩቤን ግን ዓይኑን መለሰና የቀረውን ዋጠው። ዮፍታሄ እንዳልተጣላው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ወንድም እንደሆኑ ብቻ ተናገረ። ጓደኞቹ ውጭ መኪና ውስጥ እየጠበቁ እንደሆነም አስረዳ፤ ቤተሰቡ ከፈቀደ እዚያው ደጁ ላይ ጨፍረው ሊሰናበቱት ነው።

ማጉረምረም ተነሳ። ለቅሶ ቤት ጭፈራ? ያውም በላባ? ፓስተሩ ጎንበስ ብለው "ትቶታል ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?" አሉት። አባይነህ ተነሳ። ሩቤንን በክንዱ ይዞ ወደ ኩሽና ገባ።

"ለምን ዝም አልክ?" አለው።

"አደራ ብሎኛል።"

ሩቤን ፍሪጁን ተደግፎ፣ ጣቶቹን እያየ ነገረው። ያን ቅዳሜ ብረቱን ይዞ ሲጠጋው ዮፍታሄ አልሸሸም። እንዲያውም ደረቱን ነፍቶ፣ እዚህ አገር ብቻዬን እንዳልመሰልህ፣ ታላቅ ወንድም አለኝ፣ አለው። ሩቤን ሳቀበት። አስፈራራልኝ ያለኝ ወንድምህ ነው፣ አለው።

"ተቀመጠ" አለ ሩቤን። "እዚያው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ። በብረት ብመታው እንደዚያ አይሆንም ነበር። እኔ ብረቱን ጣልኩት። የማደርገው ጠፋኝ።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዮፍታሄ መጣ። የፊቱን ቦታ አልፎ ሄዶ ከሁሉም ኋላ፣ በሩ ጥግ ቆመ። ሴትዮዋ ለመኑት፣ በመጨረሻ ሩቤን ራሱ ለመነው፤ አልመለስም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላ ሆኖ ጨፈረ።

"ለወንድሜ እንዳትነግረው አለኝ። ማወቄን ካወቀ ፊቴን ማየት ያፍራል፤ እኔ ደግሞ እሑድ የምሄድበት ሌላ ቤት የለኝም አለኝ።"

ይሄኔ አባይነህ ከፓርኪንጉ ቅዳሜ ማግሥት የነበረውን እሑድ አስታወሰው። ምሳ ተበልቶ፣ ዮፍታሄ ጃኬቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆመና "ጋሼ፣ እኔ ላንተ ምንህ ነኝ?" ብሎ ጠይቆት ነበር። አባይነህ ቀልዱን መስሎት፣ "ዕዳዬ ነሃ! ምን ልትሆን ነው?" አለው። ሁለቱም ሳቁ። ዮፍታሄ ሳቀ፤ አዎ፣ ሳቀ። ከዚያም ወጥቶ ሄደ፤ በሚቀጥለው እሑድም መጣ፤ ከዚያ በኋላም እሑድ ቀርቶ አያውቅም።

አባይነህ አፈረ። ሰው ፊት የሚያፍሩትን ዓይነት አይደለም፤ ያንን ሲፈራው ኖሯል፣ ያውቀዋል። ይሄኛው ማንም ሳያየው ኩሽና ውስጥ የመጣበት ነው። ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው ትናንት አፈር ገብቷል። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ፣ ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

ሲመለስ ማጉረምረሙ አልበረደም። እትዬ አበበች ግን ነገሩን ከቢታንያ ሰምተው ጨርሰዋል።

"ምንድነው የምታጉረመርሙት?" አሉ። "የአባቴ ለቅሶ ላይ ጎበዝ ሁሉ ጋሻ ይዞ ሲፎክር ነው የዋለው። ሰው በሚያውቀው ነው የሚያለቅሰው። ይልቅ ልጄ ይሄን ሁሉ ወዳጅ ማፍራቱን ማነው የደበቀኝ?"

"እኔ ነኝ" አለ አባይነህ። ወደ ሮማነወርቅ ዞረ። "ያ ፎቶ ላይ ያየሽው እሱ ነው። ወንድሜ ነው። አይደለም ያልኩሽ አፍሬበት ነው።" ከዚያ ወደ አክስቱ ተመለሰ። "ይሄ ሰው እግሩን እሰብራለሁ ሲለኝ፣ አስፈራራልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ዮፍታሄም ሰምቷል። እያወቀ ነው የኖረው።"

ምሥራች አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ አበበች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። በርታ ያለው፣ አይዞህ ያለው አልነበረም፤ እሱም አልጠበቀም። በሩን ከፍቶ ሩቤንን "ጥራቸው" አለው።

ሺኑክ የሚሉት ለብ ያለ ነፋስ ገብቶ በረዶው ቀልጦ፣ ደጁ ውኃ ውኃ ሆኗል። ሰዎቹ ከየመኪናቸው ወረዱ፤ ባልቴቷ ከበሮውን ይዘው፣ ሌሎቹ ላባቸውን ሰክተው፣ በዚያ ቅዝቃዜ ባዶ እግራቸውን ተሰለፉ። የፊቱን ቦታ ማንም አልቆመበትም፤ ሩቤን ራሱ ከጎን ሆነ። ለቀስተኛው በበሩም በመስኮቱም ታጭቆ ያያል።

አባይነህ በቤት ጫማ እንዳለ ወረደ።

"የት ጋ ነበር የሚቆመው?" አለው ሩቤንን።

ሩቤን አንገቱን ደፋ። ከዚያ በአገጩ የሰልፉን መጨረሻ አሳየው፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ። አባይነህ በላባዎቹ መሀል አለፈ፤ ሰዎቹ ገለል እያሉ አሳለፉት። እዚያ ሲደርስ የቤት ጫማውን አወለቀና እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቆመ።

ከበሮው ተመታ። ፊተኞቹ አንድ ላይ እግራቸውን አነሱ። አባይነህ ጭፈራውን አያውቀውም፤ የፊቱን ሰው ተረከዝ እያየ፣ ሌሎቹ አሳርፈው ሲጨርሱ፣ እሱ ዘግይቶ አንድ እግሩን አነሳ።