የስድስቱ በሮች ሾክ

እኔ ነኝ የቀየርኳቸው። ስድስቱንም። አሁን ሙንተሃን ብትጠይቋት ሌላ ስም ነው የምትነግራችሁ፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሙንተሃ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር አስጎብኚ ድርጅት አላት። መኪናዋ ደግሞ ቤት ማለት ናት፤ አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ ሽንት ቤት ሳይቀር። ፈረንጅ ጭና እስከ ጂንካ ትወርዳለች። መኪናዋ ከሥር በግራና በቀኝ ስድስት የዕቃ ማስቀመጫ አላት፣ በራቸው ወደ ላይ የሚከፈት። በሩን ደግፎ የሚያቆመው ጋዝ ሾክ ግን ሁሉም ሞቷል። እንደ ሚኒባስ የኋላ በር በዱላ ነበር የሚያቆሟቸው። አንድ ቀን ዱላው ተንሸራቶ በሩ የአንዲት ቱሪስት ጣት ላይ ወደቀ። ያኔ አዲስ ከተማ፣ እኛ ጋራዥ መጣች።

"ከመኪናዋ ጋር የሚዞር ቋሚ መካኒክ እፈልጋለሁ" አለች። "ይሄን አሳምሮ የሠራልኝን እቀጥራለሁ።"

ጋራዡ ውስጥ እኔና ጋሽ ብዙአየሁ ነን፣ ሁለታችንም ተቀጣሪ። ጋሼ ስድሳ አልፏቸዋል፤ ቁልፍ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ሃያ አራቴ ነው። ቱላ ተወልጄ ከሻሸመኔ አልፌ አላውቅም። ያንን ሥራ እንዴት እንደፈለግኩት!

ጋሼ ቀደሙኝ። የቪትዝ የኋላ በር ሾክ አምጥተው አንዱ በር ላይ ገጠሙ። "ሾክ ሾክ ነው" አሉ። የቪትዝ በር ከባድ ነው፣ ይሄ ቀላል። ሊዘጉት ሲጫኑት ሾኩ አልገባም ብሎ በሩ ጎበጠ። "ፋብሪካው ነው ያበላሸው" ብለው ሄደው ቁጭ አሉ።

እኔ ከጎኑ ያለውን በር ፈትቼ ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ባለወፍጮዋ ታቢታ "ደግሞ በር ማስፈጨት ጀመርክ?" ብላ ሳቀችብኝ።

"ሳቂና ስትጨርሺ መዝኚልኝ።"

ክብደቱን ያዝኩ፣ ርዝመቱን ተዘግቶም ተከፍቶም ለካሁ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ለሚሸጥ ጓደኛዬ ልኬ በልኩ ሾክ አስመጣሁ። የጎበጠውን አቃናሁ። ዘንጉን ወደ ታች አድርጌ ገጠምኩ፣ ውስጡ ያለው ዘይት ማሸጊያ ጎማው ላይ እንዲተኛ፤ አለዚያ ጎማው ይደርቅና ጋዙ ያመልጣል። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሲያልቅ ግን በአንድ ጣት ነካ ታደርገዋለህ፣ በሩ ራሱ ተነስቶ ይቆማል።

ሙንተሃ መጥታ ስድስቱንም ከፈተች፣ ዘጋች። "ማነው የሠራው?"

ጋሼ አጠገቤ ቆመዋል። ታላቅ ቆሞ "እኔ ነኝ" አይባልም።

"ጋሼ ናቸው፣ እኔ ዕቃ ሳቀብል ነበር" አልኳት።

እንደዚህ ነው የሚባለው። ታላቁ ደግሞ "ኧረ ልጁ ነው!" ብሎ ይመልስልሃል። ሰርግ ቤትም፣ ቸርችም፣ ጋራዥም ይመልሳል። ጠበቅኩ።

ጋሼ ግሪስ ያልነካውን እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "ጌታ ይመስገን" አሉ።

"በቃ እርሶ ነዎት የኔ ሰው" አለች ሙንተሃ።

ስትሄድ "ጋሼ..." አልኩ።

"ምነው ልጄ? አንተው አይደለህ እንዴ ያልከው?"

በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ከጂንካ ደወሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል። "መክብብዬ፣ አንዱ ሾክ ከላይ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።"

"ጫፉ ላይ ክሊፕ አለ፣ በካቻቢቴ ቀስ ብለው ያንሱት" አልኩ።

ከኋላ የሙንተሃ ድምፅ መጣ። "ጋሽ ብዙአየሁ፣ ከማን ጋር ነው?"

"ተማሪዬ ነው" አሏት። "አንድ በር አስቸግሮት ነው የደወለው።"

"ታድሏል፣ እርሶን የመሰለ አስተማሪ አለው" አለች።

ስልኩን ብዘጋው ምንም አልሆንም ነበር።

"እሺ፣ ከዚያስ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"በሩ ላይ ያለችው የብረት ኳስ ላይ ይግጠሙትና ይጫኑት፣ ጋሼ" አልኩ። "ቀጭ ሲል ገብቷል ማለት ነው።"

ቀጭ ሲል እስከ ሐዋሳ ተሰማኝ። አመሰግናለሁም ሳይሉ ዘጉት።