የመጨረሻው ቤት

የልጃገረዶቹን የቤት ዝርዝር የሚጽፈው ዘካርያስ ነው። ይህን ሥራ ማንም አልሰጠውም፤ ከአራት ዓመት በፊት የአንዲት ሕፃን እጅ ይዞ አስፋልት ሲያሻግር ተገኘና እዚያው ቀረ። በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ የቤተ ክርስቲያናቸው ሴት ልጆች ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ቢጫ አበባ ይዘው፣ ካሳራኒ ያሉትን የሐበሻ ቤቶች እየዞሩ ይዘምራሉ። እሱ ደግሞ ከፊት ሆኖ መንገድ ያያል፣ ከኋላ ሆኖ ልጅ ይቆጥራል፣ በየደጁ ሲቆሙም ባዶ ጀሪካን ይመታል። የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ ተሸክሞ ማታቱ በሚሉት ታክሲ ላይ መጋፋት አይሆንም፤ ጀሪካን የያዘን ሰው ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ዘንድሮ በዓሉ ሐሙስ ዋለ። የናይሮቢ ትምህርት ቤቶች እንቁጣጣሽን ስለማያውቁት፣ ቤተ ክርስቲያናቸው እንደ ልማዱ አዲሱን ዓመት ወደ ቅዳሜ ገፋው። ዓርብ ዕለት ዘካርያስ ኢምባካሲ ካለው የጭነት ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ፣ ከትልቋ ልጁ ከያኤል ደብተር አንድ ገጽ ቀደደና ቤቶቹን በተራ ጻፈ። አሥራ አንድ ሆኑ። አሥራ ሁለተኛው፣ ሁልጊዜም የመጨረሻው፣ የራሱ ቤት ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሆንም ልጆቹ ከሁሉ የሚናፍቁት እሱን ነው። ጫማቸውን አውልቀው በረንዳው ላይ ይዘረጋሉ፤ ሚስቱ የሺወርቅ ታበላቸዋለች፤ ወላጆቻቸውም አንድ በአንድ እየመጡ ከዚያ ይወስዷቸዋል። አሥራ አንደኛውን ጽፎ እስክሪብቶውን ከደነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰኔ የሺወርቅ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ቀኑን የጨረሰ፣ ፀጉሩ የሞላ፣ ትንፋሽ ግን የሌለው። ኢያሱ ሊሉት ነበር። ዘካርያስና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች ወስደው ቀበሩት። ለእንዲህ ያለ ልጅ ለቅሶ አይቀመጡም። ሰው መጣ፣ እግዚአብሔር ይካሳችሁ አለ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ዘካርያስ ምንም አልተሰማውም። የሚያሳፍር ነገር ስለመሰለው ለማንም አልተናገረም። ሥራ ይገባል፣ ይወጣል፤ የቀረበለትን ይበላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቹ ፊደል ለማስቆጠር ቤተ ክርስቲያን ከማንም ቀድሞ ይደርሳል። ሰዎች በርትቷል አሉ። የሺወርቅ ደግሞ በረንዳው ላይ በጣሳ የምታሳድጋቸውን አደይ አበቦች ማጠጣት ተወች። ዘሩ ከአገር ቤት በፖስታ የመጣ ነው፤ ልጃገረዶቹ በየዓመቱ የሚይዙትም ከዚያ የሚቆረጠውን ነበር። ዘካርያስ ሲደርቁ አየ። እሱም አላጠጣቸውም።

ዝርዝሩን ከመጻፉ በፊት ማክሰኞ ዕለት፣ ልጆቹን መዝሙር የሚያስጠኑት እትዬ ዓለምፀሐይ ደወሉለት። ስለ ጤናውም ስለ ሥራውም ጠይቀው፣ ዞር ዞር ብለው ወደ ጉዳዩ ገቡ። መዝሙሩ የሚዘጋው በምርቃት ነው፤ ምርቃቱም ዓመቱ ሲዞር ይህ ቤት ወንድ ልጅ ይታቀፍ የሚል ነው። ሳይመረቅ ከደጅ አይኬድም፤ ባለቤቱም አሜን ሳይል የያዘውን አይሰጥም። ይህን የሺወርቅ ደጅ ላይ ቆሞ ማለት ቁስል መነካካት ነው አሉ። ዘንድሮ እናንተን ብናልፋችሁስ ብለው ጠየቁት። ዘካርያስ እሺ አለ። መጠየቅ ያለባት የሺወርቅ መሆኗ ስልኩን ከዘጋ በኋላም አልመጣለትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ሴት ልጆቹን ይዞ ሊወጣ ሲል የሺወርቅ ወጥ ቤት ቆማ ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ ልጆቹ ዘንድሮ ስንት እንደሆኑ ጠየቀችው። ዘጠኝ አላት። ለምን እንደጠየቀች አላሰበም። አምስት ዓመቷን የደፈነችው ሐሴት አፏን በሁለት እጇ አፍና እየሳቀች ደረጃውን ወረደች። ሁልጊዜ ስለምትስቅ ምን እንዳሳቃት አልጠየቃትም።

አበባውን ከመንገድ ዳር ሻጭ ገዙ። ቢጫ ነው፤ ግን ግንዱ ወፍራም፣ ሽታውም የለም። የመጀመሪያው ቤት የአቶ ገብረመድህን ምግብ ቤት ነበር። ሰውየው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ጴንጤዎቹን ካልተረቡ በዓሉ የደረሰ አይመስላቸውም።

"ጀሪካኑ ውስጥ ጠላ ካለ ግቡ፤ ባዶ ከሆነ እዚያው ቁሙ" አሉ ከበሩ ላይ።

"ባዶ ነው ጋሼ፤ እንደሚያውቁን" አላቸው ዘካርያስ።

ልጆቹ ዘመሩ። ግጥሙን የምታወጣው የዘጠኝ ዓመቷ ያኤል ናት፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ምርቃቱ ላይ ሲደርሱ ዘካርያስ ራሱን አደመጠ። ምንም የለም። እጁ ጀሪካኑን ይመታል፣ ቃሉ በጆሮው ያልፋል፤ የሌላ ሰው ፖስታ በስህተት እጁ ገብቶ አድራሻውን አንብቦ እንደሚያስተላልፍ ዓይነት ነበር። አቶ ገብረመድህን አሜን ብለው ለያንዳንዷ ልጅ ዳቦ ቆረሱ።

ከቤት ወደ ቤት ሄዱ። ስድስተኛው ቤት ላይ አንድ ነገር አየ። ምርቃቱ ሲመጣ የያኤል ከንፈር ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ አይወጣትም። ሌሎቹ ጮክ ብለው ስለሚያነሱት ጉድለቱ አይሰማም። እሷ ግን በዚያች ሰዓት ዓይኗ እሱ ላይ ነው። ሰባተኛው ላይ ጠበቃት፤ እንደዚያው አደረገች። ስምንተኛው ላይ ሆነ ብሎ ወደ ሌላ ቦታ አየ።

አሥራ አንደኛውን ቤት ጨርሰው ሲወጡ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። አብረዋቸው ሲዞሩ የዋሉት እትዬ ዓለምፀሐይ ልጆቹን ሰብስበው ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዲመለሱ፣ ወላጆቻቸው ከዚያ እንደሚወስዷቸው ነገሯቸው። ያኤል ከሰልፉ አልተንቀሳቀሰችም።

"ዳዲ፣ የኛስ? ላስት ሁልጊዜ የኛ ነው።"

"ዘንድሮ እናታችሁ ትረፍ ብለን ነው።"

"እሷ ናት እንደዚያ ያለችው?"

ዘካርያስ ለልጆቹ ዋሽቶ አያውቅም። እሱና እትዬ ዓለምፀሐይ እንደወሰኑት ነገራት። ያኤል አበባዋን ቁልቁል ያዘች። ይሄኔ ሐሴት የአባቷን ሱሪ ጎተተች።

"ማሚ ጁስ ገዝታለች" አለች። "ትላንትና። አልጋ ሥር አለ። ሲክሬት ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብላኛለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ማንዳዚ እየጠበሰች ነበር።"

ዘካርያስ ወጥ ቤት ውስጥ ያየው ጀርባ ትዝ አለው። ዘጠኝ ብሏታል። እሷ ዘጠኝ አዘጋጅታ ተቀምጣለች ማለት ነው። ይህን ሲያስብ መደንገጥ ነበረበት፤ ሰዓቱን አየ እንጂ አልደነገጠም። አሥራ አንደኛው ቤት ከነሱ ሕንፃ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። እንሂድ አላቸው።

እትዬ ዓለምፀሐይ እጁን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱት። ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም፤ በሰኔ ስንት ሌሊት የሺወርቅ አጠገብ ያደሩት እሳቸው ናቸው። ያንን ምርቃት እዚያ ደጅ ላይ በምን አፋቸው እንደሚያወጡት ጠየቁት። በመጨረሻ፣ መዝሙሩን ዘምረው ምርቃቱን ሊተዉት ተስማሙ። ልጆቹ ተነገራቸው። ለነሱ ቀላል ነገር ነበር፤ ሳዋ፣ እሺ አሉና መንገድ ጀመሩ።

ሐሴት ሕንፃው በር ላይ ላለው ዘበኛ፣ ቱናይምባ፣ ልንዘምር ነው ብላ አለፈች። አራቱን ፎቅ ወጡ። ዘካርያስ ቁልፍ በኪሱ እያለው የራሱን ቤት በር አንኳኳ።

የሺወርቅ ወዲያው ከፈተች። የአገር ልብሷን ለብሳለች፤ ከሰኔ ወዲህ ለብሳው አታውቅም። በእጇ ትሪ ይዛለች፤ ዘጠኝ ጁስ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ የማንዳዚ ጥብስ ዳቦ። ሰላም አላለቻቸውም። በሩ ላይ የሚቆም ባለቤት እንደሚያደርገው፣ እንዲጀምሩ ጠበቀች።

ዘካርያስ ጀሪካኑን መታ፤ ያኤል አወጣች፤ ልጆቹ ተቀበሉ። ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ወደ ታች ወረደ። ማዶ ያለው ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ አየና ተወው። መዝሙሩ ምርቃቱ ደጅ ደረሰ። ያኤል አቆመች፤ ሌሎቹም አቆሙ። ዘካርያስ ሁለት ጊዜ ከመታ በኋላ እጁን ሰበሰበ።

ልጆቹ ትሪውን ያያሉ። ትሪው አልተንቀሳቀሰም።

"ጨርሱት" አለች የሺወርቅ።

እትዬ ዓለምፀሐይ ከኋላ ሆነው፣ "የሺዬ፣ ይብቃ ብለን ነው..." አሉ።

"ከሰኔ ጀምሮ ሰው ሁሉ ግማሹን ነው የሚነግረኝ እትዬ። ልጆቹ እንኳ ይጨርሱልኝ።"

የሺወርቅ ትሪውን እንደያዘች ቆማለች። ያኤል አባቷን አየችው። ዘካርያስ ጀሪካኑን ሊመታ እጁን አነሳ፤ ምቱ ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ቀኑን ሙሉ የመታውን፣ አራት ዓመት የመታውን። እጁን አየር ላይ ይዞ ቆየ።

ያኤል ያለ ምት ጀመረችው። ቀኑን ሙሉ ያልወጣት ድምፅ ነው፤ መጀመሪያ ቀጭን ነበር። ወንድ ልጅ ይታቀፍ የሚለው ላይ ሲደርስ ሐሴት ከሁሉም በላይ ጮኸች፤ የቀሩትም ተከተሉ። ምርቃቱ አጭር ነው። አለቀ።

"አሜን" አለች የሺወርቅ።

ትሪውን ዝቅ አድርጋ ለልጆቹ አደለች። ልጆቹ እንደሌላው ዓመት ጫማቸውን በር ላይ ጥለው ወደ በረንዳው ሮጡ። ያኤል አበባዋን ለእናቷ ሰጠቻት። የሺወርቅ ግንዱን በጣቷ አሻሸችው፤ ይሄ አደይ አይደለም አለች፤ ቢሆንም ውኃ አድርጋ ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጠችው። ለእትዬ ዓለምፀሐይ ሻይ ቀዳችላቸው። እሳቸው ሁለት ጊዜ ሊናገሩ ጀምረው ተዉት፤ ከዚያ ስለ ማንዳዚው ሊጥ ጠየቋት፤ እሷም በዝርዝር መለሰችላቸው።

ወላጆች እየመጡ ልጆቹን ወሰዱ። ቤቱ ለአራቱ ሲቀር የሺወርቅ ዝርዝሩን ጠየቀችው። ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ አንድም ቤት አልዘለለችም።

"አንተ ነህ ያወጣኸን?"

"እኔ ነኝ።"

"ብትጠይቀኝ አይምጡ ልልህ እችል ነበር" አለች። ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ግን ብትጠይቀኝ።"

ይቅርታ ሊላት አሰበ። ቃሉን አገኘው፤ ከቃሉ ሥር ግን የሚገፋው ነገር አልነበረም፤ ባዶ ቃል ደግሞ ሊሰጣት አልፈለገም። ስለዚህ እውነቱን ነገራት። ከሰኔ ጀምሮ ምንም እንደማይሰማው፣ ዛሬም በየቤቱ ምርቃቱን ሲሰማ እንዳልተሰማው፣ እሷ ዘጠኝ ጁስ እንደገዛች ሲሰማም ሰዓቱን እንዳየ ነገራት። ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

የሺወርቅ ብዙ አልተገረመችም።

"እኔም ዛሬ ሲዘምሩ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር" አለች። "መሐረብ ሁሉ ይዤ ነበር።" ከእጅጌዋ አውጥታ አሳየችው። እንደታጠፈ ነበር።

ሁለቱም መሐረቡን አዩት። የሕንፃው ውኃ ቅዳሜ የሚለቀቀው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ስለሆነ፣ ጀሪካኑን እንዲሞላው ነገረችው። ዘካርያስ ወደ መታጠቢያ ቤት ይዞት ገባ። ሐሴት ገንዳው ውስጥ ተቀምጣ፣ እግሯን እየታጠበች፣ ያንኑ ምርቃት ደጋግማ ትዘምራለች። አላስቆማትም። ጀሪካኑን ቧንቧው ሥር አስቀመጠ። ሲሞላ ድምፁ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄደ። እስከ አፉ ሲሞላ ቧንቧውን ዘጋና ክዳኑን ፈለገ፤ ከዚያ ተመልሶ ከፈተው። ከመታጠቢያው ሥር አንድ ጣሳ አውጥቶ ሞላ፤ ይዞትም ወደ በረንዳው፣ ወደ ደረቁት አበቦች ወጣ።