ያልተጠየቁት ጋሽ ወልዴ

መምህርት አይናዲስ ሕግ ትወዳለች። ስትወድ ደግሞ ለጉድ ነው! ከአምስት ኪሎ ዝቅ ብሎ ባለው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍልን አማርኛ ታስተምራለች። ልጆቿ «የኛ ሰፈር» የሚባል ብሎግ አላቸው። ብሎጉ ከመከፈቱ በፊት ሰሌዳው ላይ የጻፈችው ሕግ ግን አንድ ክፍለ ከተማ ያስተዳድራል። የሰው ስም አይጻፍም። የሰው ፊት ፎቶ ላይ አይወጣም። ስልክና የቤት ቁጥር አይነካም። ስድብ፣ አሽሙር፣ «አሉ» ተብሎ የተሰማ ወሬ አይገባም። ከሌላ ሰው የተወሰደ ከሆነ ከማን እንደተወሰደ ይነገራል። የይለፍ ቃሉን የያዘችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ሳታነበው አንዲት መስመር አትወጣም።

ልጆቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ። የአራዳ ልጅ አሽሙር ተከልክሎ ምን ሊጽፍ ነው?

«ቲቸር፣ ታዲያ ምን ቀረን?» አለች እየሩስ፣ የክፍሉ አፈ ጮሌ።

«ዓይንሽ ቀረልሽ። ያየሽውን ጻፊ።»

እውነትም ጻፉ! ስለ ታክሲ ረዳቶች አጠራር፣ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያቸው ስለሚያሰማው ድምፅ፣ የሥላሴ ደወልና የአንዋር አዛን አንድ ላይ ስለሚሰሙበት ሰዓት። ወላጆች በስልካቸው ያነቡ ጀመር። ሌሎች መምህራን ሳይቀሩ በሻይ ሰዓት «የአንቺ ልጆች ዛሬ ምን አሉ?» ይሏታል። አይናዲስ ያን ሰሞን አንገቷን ቀና አድርጋ ብትሄድ ማን ይፈርድባታል?

ከሁሉም ግን ሲሀም ትለያለች። እናቷ ዙህራ እሪ በከንቱ ውስጥ ቅመምና ጥራጥሬ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት፤ አባቷ ኢርፋን የሞተው እሷ ሕፃን ሳለች ነው። ይቺ ልጅ ክፍል ውስጥ ስትናገር ድምፅዋ ሁለተኛው ወንበር ጋ አይደርስም። ስትጽፍ ግን መንገደኛ ታስቆማለች።

አንድ ዓርብ ሲሀም «የጎረቤታችን ድስት» የሚል ጽሑፍ ይዛ መጣች። እናቷ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ድስት ለብቻው አስቀምጣለች። ክርስቲያን የሆኑ ብቸኛ ጎረቤት አሏቸው፤ ማታ ማታ በዚያ ድስት ምስር ወይም ሽሮ ትሠራላቸዋለች፤ ሲሀም ሳህኑን ከድና ታደርሳለች። ጎረቤትየውም ሳህን ባዶ አይመልሱም፤ በራቸው ላይ ከበቀለችው ጤና አዳም አንድ ቀንበጥ ቆርጠው ያደርጉበታል። «ሌላ ምንም ባይኖራቸው ጤና አዳም አያጡም» ብላ ጽፋለች። ከጽሑፉ ጋር የሳህኑ ፎቶ አለ። ስም የለም፣ ፊት የለም፣ የቤት ቁጥር የለም። አይናዲስ አንብባ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ለጠፈችው።

ኧረ ለመሆኑ ስም የለም ይባላል እንዴ! ሲሀም «ያለ ኮፍያ ከቤት የማይወጡ፣ ጫማቸው መስታወት የሚመስል የድሮ ፀጉር አስተካካይ» ብላለች። በአራዳ ሰው በመታወቂያ ስሙ መቼ ታውቆ ያውቃል? በኮፍያው ነው እንጂ፤ በአረማመዱ፣ ማኪያቶ በሚያዝበት ድምፅ ነው። ያቺን መስመር ያነበበ ሁሉ «ውይ፣ ጋሽ ወልዴ!» አለ። የክፍሉ ልጆችም ገና ሲያነቡት አውቀዋል፤ ሕጉ የከለከለው ስም ነው ብለው ዝም አሉ። አይናዲስ ደግሞ ደብረ ብርሃን ያደገች ናት፤ ስም ከሌለ ሰውም የለም ብላ አመነች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጽሑፉ በቴሌግራም ከሰፈር ሰፈር ዞረ። መጀመሪያ «ዙህራን የመሰለ ይብዛልን» ነበር የሚባለው፤ ቆይቶ «ምስኪን አባት»፣ «ጧሪ የላቸውም እንዴ?»፣ «አካውንት ላኩልን» ሆነ። ጆሮ ደግሞ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ጋሽ ወልደገብርኤል ከሁሉም በኋላ ሰሙ።

የሰሙትም ፒያሳ፣ ጠዋት ጠዋት ከሚቆሙበት ካፌ ባንኮኒ ላይ ነው። ሱቃቸው ለልማት ከፈረሰ ወዲህ እንኳ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ይመጣሉ። እሳቸው ባሉበት ሌላ ሰው እጁን ኪሱ ከቶ አያውቅም፤ «አስቀምጥ!» ካሉ አለቀ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ የማያውቁት ጎረምሳ መጥቶ፣ ልቡ ደግ ነው መቼም፣ «ጋሼ ዛሬስ ይተዉት፣ እኛ እንከፍላለን። አንብበናል» አላቸው። ምኑን እንዳነበበም በስልኩ አሳያቸው። ጋሽ ወልዴ ስኒውን ሳይጨርሱ አስቀምጠው ወጡ። ቤታቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ።

ሰኞ ጠዋት ሲሀም ዓይኗ አብጦ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ ጋሽ ወልዴ አይበሉም።»

«ምን?»

«ካፌ ውስጥ ጽሑፌን ካሳዩዋቸው ወዲህ በሩን አይከፍቱልኝም። ቅዳሜ ሳህኑን ደጃፋቸው ላይ አስቀመጥኩ፤ ጠዋት እንደተከደነ አገኘሁት። ትናንት እማዬ ራሷ አንኳኳች። ‹ጠግቤያለሁ ዙህራ› አሏት ከውስጥ። ቲቸር፣ ምን በልተው ነው የጠገቡት? ከእኛ ሌላ የሚያበስልላቸው ሰው የለም።»

አይናዲስ ክው አለች። እዚያው ቆማ ስልኳን አወጣችና ጽሑፉን ከብሎጉ አነሳችው።

ክፍል ስትገባ ለልጆቹ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ታዲያ ጠፍቷል አይደል፤ አለቀ በቃ» አለች እየሩስ።

«የቱ ነው ያለቀው? ከስክሪኑ አጠፋሁት። ከሰው አፍ ማን ያጥፋልሽ?»

ያኔ ሲሀም ተነሥታ ቆመች።

«ቲቸር፣ የትኛውን ሕግ ነው የጣስኩት?»

አይናዲስ ወደ ሰሌዳው ዞራ ሕጎቿን አንድ በአንድ አየቻቸው። ስም? አልጻፈችም። ፊት? የለም። ስድብ? ኧረ ምኑን! ያቺ በኩራት የምታሳየው ሰሌዳ ያን ቀን አሳፈረቻት። አይናዲስን ግን የማደንቃት ለዚህ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ጥፋቱን በልጅቷ ላይ ለማላከክ አንድ ሰበብ አያጣም ነበር።

«አንዱንም አልጣስሽም» አለች። «ሕጉ ራሱ ጎዶሎ ነው፤ ጎዶሎውን ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ስድብ ብቻ ሰው የሚጎዳ መስሎኝ ነበር። ሙገሳ የሰው በር ያዘጋል ብዬ መች አሰብኩ? ምን ቀረን ግን? ምኑን ነው የዘለልነው?»

«አልጠየቅናቸውም» አለች ሲሀም።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ መፍትሔ አዘነቡ። ይቅርታ እንለጥፍ አሉ። ስለ ጋሽ ወልዴ ሌላ፣ የተሻለ እንጻፍና ስማቸውን እናድስ አሉ። አይናዲስም ሐሳቡ ልቧን ነካው። ሲሀም ግን ራሷን ነቀነቀች።

«መጀመሪያ እሳቸው ይስሙት» አለች።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ሁለቱ አብረው ወደ እሪ በከንቱ ወረዱ። ሲሀም አንድ ወረቀት አጥፋ ይዛለች። ምን እንደጻፈች አይናዲስ አልጠየቀቻትም፤ ሐሳቧ ሁሉ ሽማግሌው ጋ ስለነበር መጠየቁም አልመጣላትም። አንድ ነገር ቢሆኑስ? ለእግዜር ምን ትለዋለች? ለራሷስ?

የጋሽ ወልዴ በር አሮጌ ቆርቆሮ ነው። አይናዲስ አንኳኳች።

«ጋሽ ወልደገብርኤል፣ የሲሀም መምህርት ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ይቅር ብያለሁ። በሉ ሂዱ» አለ ከውስጥ የሰለለ ድምፅ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ይክፈቱልን።»

«ይቅር ብያለሁ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? ይቅር ያለን ሰው እንደገና ይቅርታ አይለምኑትም። አይናዲስ ልትመለስ አንድ እግሯን አነሳች። ሲሀም ግን ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ወረቀቷን ዘረጋች። ያቺ ድምፅዋ ሁለተኛው ወንበር ጋ የማይደርስ ልጅ፣ ቆርቆሮ ዘልቆ በሚሰማ ድምፅ ማንበብ ጀመረች።

«ባለፈው የጻፍኩት ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ እማዬ እየተቆጣች ነገረችኝ። አባቴ ከወሎ ሲመጣ ዘመድ አልነበረውም። አንድ ፀጉር አስተካካይ የሱቃቸውን ደጃፍ ሰጡት፤ ካልሲና ሻርፕ አንጠልጥሎ እንዲሸጥበት። ኪራይ ሲያመጣላቸው ‹ደጃፍ የመንገደኛ ነው፣ አይከራይም› ብለው መለሱት።

«አባቴ ታሞ አልጋ ላይ ሲውል፣ ዓርብ ዓርብ ሱቃቸውን ዘግተው መቀስና ምላጭ ይዘው ይመጡ ነበር። ‹ኢርፋን፣ ዛሬ ጁምዓ ነው፤ እንዲህ ተጎሳቁለህ ፈጣሪህ ፊት አትቀርብም› እያሉ ትራስ አስደግፈው ፀጉሩንና ጢሙን ያስተካክሉለታል። አባቴ መስጊድ መሄድ አይችልም ነበር። እሳቸው ግን የሚሄድ ሰው አስመስለው ነበር የሚለቁት።

«እኔ አባቴን አላስታውሰውም። እማዬ ግን ‹አምሮበት ነው የሞተው› ትላለች። ስለዚህ እኛ የምንሰጣቸው ነገር የለም። ገና መልሰን አልጨረስንም።»

አንድ ሴትዮ ባልዲ ይዛ አለፈች፤ አይታቸው ሄደች። ከዚያ መቀርቀሪያው ተንቀጫቀጨ።

ጋሽ ወልዴ ቤት ውስጥ ሆነው እንኳ ሱፍ ለብሰዋል። ጉንጫቸው ገብቷል፤ አንድ እጃቸው የበሩን መቃን ይዟል።

«ያቺን የኢርፋንን ድገሚልኝ እስቲ» አሉ።

ደገመችላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ቆንጆ ነው። ያቺ እናትሽ አፏ አያርፍም እንጂ ቆንጆ ነው። የሚሄድ ሰው አስመስለው… አዎ፣ እንደዚያ ነበር።»

ይህን ጊዜ አይናዲስ አላስቻላትም። «ጋሼ፣ ከፈቀዱልን ይህንን እናወጣዋለን! ያን ያነበበ ሁሉ ይህንንም ያንብብ። ማን እንደሆኑ ይወቅ።»

ጋሽ ወልዴ ቀና ብለው አዩዋት። ቁጣ የለባቸውም።

«ልጄ፣ እርቃኔን አደባባይ አወጣችሁኝ። አሁን ደግሞ ልታለብሱኝ ብላችሁ ተመልሳችሁ እዚያው አደባባይ ልታቆሙኝ ነው?»

እውነቱን ለመናገር አይናዲስ ግን አልተሸነፈችም፤ ልትከራከር ነው። በአስተማሪነት ዘመኗ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከተማሪ እጅ ወጥቶ አይታ አታውቅም። ደግሞስ የሽማግሌው ክብር የሚመለሰው በዚሁ አይደለም? ሰዉ ካላወቀ «ምስኪን» እንዳላቸው ሊቀር ነው እኮ! ይህንን ሁሉ ልትል አፏን ስትከፍት ሲሀም ከድንጋዩ ተነሣች። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ለጋሽ ወልዴ ሰጠቻቸው።

«የእርስዎ ነው ጋሼ። ሌላ ቦታ አልገለበጥኩትም።»

አይናዲስ የጀመረችውን ቃል ዋጠችው። ምን ዓይነት ልጅ ናት ይቺ! የጻፈችውን ሰው እንዲያይላት የማይፈልግ ማን አለ? እሷ ራሷ ባለ ዲግሪዋ፣ ባለ ሕጓ፣ አሁን ልትነጥቃቸው ነበር እኮ። ተማሪዋ ግን አንድም ቃል ሳይነገራት የጎደለውን ሕግ በተግባር አሳየቻት። አይናዲስ ደስ አላት፤ አፈረችም፤ ደስታዋ ግን በለጠ።

ጋሽ ወልዴ ወረቀቱን አጣጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ጎን አዩ፤ ደግሞ ወደ ሲሀም ተመለከቱ።

«እንዲያው… የትናንቱ ምን ነበር?»

«የቱ ጋሼ?»

«ትናንት ማታም ደጃፌ ላይ ያስቀመጥሽው ነዋ።»

«ምስር ወጥ።»

«ገምቻለሁ! ሳህኑንስ እምቢ አልኩት፤ ሽታውን ምን ልበለው? በበሩ ሥር እየገባ ሲያሰቃየኝ አደረ።»

ሲሀም ልትስቅ ፈልጋ ለቅሶ ቀደማት። ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«ማልቀሱን ተይውና፣ ዛሬስ ምን ሠራች?»

«ሽሮ።»

«ታዲያ ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ነው እንዴ የምትጠብቂው? ሂጂ አምጪ እንጂ!»

ሲሀም ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደች። ጋሽ ወልዴ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና አይናዲስን በእጃቸው ጠሯት።

«ግቢ እንጂ መምህርት። እኔ እንግዳ ደጅ አቁሜ አልበላም።»

አይናዲስ ጫማዋን ጠራርጋ ገባች፤ እጇንም ታጠበች።