ነዳጅ ያፈለቀው ምንጭ

የማዕድን ቁጥጥር ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ የነበረውን አፈወርቅን ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። ከኋላው ሳወራ ግን አንቱታው ከአፌ አይወጣም፤ ይቅርታ።

ባለፈው ግንቦት ቢሯችን ካለባት ከራቤል ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ባለ መንደር፣ የምንጭ ውኃ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብለጨልጭ ነገር ታየ። ሽታው የኩራዝ ነው። አፈወርቅ ወሬውን እንደ ሰማ በመኪና ሄደ፤ ጣቱን ነከረ፣ አሸተተ፣ በዚያው ዕለት «የነዳጅ ምልክት አግኝተናል» ብሎ ለበላዮቹ ደወለ። የቢሮው ጂኦሎጂስት እኔ ነኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም። በማግስቱ ምንጩ በሽቦ ታጠረ፣ «መቅረብ ክልክል ነው» የሚል ታፔላ ተተከለ። የመንደሩ ሴቶችም ገደል እየወረዱ ከወንዝ ይቀዱ ጀመር።

እኔ የተላክሁት ከሳምንት በኋላ ነው፤ ቅጽ ልሞላ። አጥሩ አጠገብ ወይዘሮ ጥሩሸዋ የሚባሉ የመንደሩ ባልቴት ቆመው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ተምረሻል አሉ። ነዳጅ የሚመጣው ከመሬት ሥር ነው ወይስ ከዳገት?»

«ከሥር ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያ ተከተይኝ።»

ዳገቱን ወጣን። ጫፉ ላይ ድንጋይ ተፈልጦ ጠጠር የሚወጣበት ካባ አለ፤ ፈቃድ የሰጠውም የሚቆጣጠረውም የእኛው ቢሮ ነው። ከስካቫተሩ አጠገብ ሦስት በርሜል ናፍጣ ተቀምጧል፤ አንዱ ከሥሩ ተቀዷል። አፈሩ ጠቁሯል፣ ቦዩም ቁልቁል ወደ ምንጩ ይወርዳል። መካኒኩ የተቃጠለ ዘይት ሳይቀር እዚያው እንደሚደፋ ይታየው የሚባለው የካባው ዘበኛ ምንም ሳይደብቅ ነገረኝ።

ቅጹ በአካባቢው ስላሉ ፈቃዶች ስለሚጠይቅ የካባው ማህደር በእጄ ነበር። በየሦስት ወሩ «በአካል ተገኝተን ተመልክተናል፤ ጉድለት የለም» ይላል፣ በአፈወርቅ ፊርማ። ቀኖቹን ለይታየው አነበብሁለት።

«መስከረም ሃያ ሁለት?»

«አልመጡም።»

«ጥር ዐሥራ አንድ?»

«በጥምቀት? ኧረ እኔም ታቦት ልሸኝ ወርጄ ነበር!»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልሁም፤ ያ ማህተም የእኔም ቢሮ ማህተም ነው።

ተመልሼ ፎቶዎቹን በስልኬ ለአፈወርቅ አሳየሁት። ወንበሩን ተደግፎ አየና «ሐሙስ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ። ይኼን አሁን ማንሳት ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ናፍጣ ነው፣ አቶ አፈወርቅ። ሰው የሚጠጣው ውኃ ነው።»

«ናፍጣ መሆኑን ሽታው አይነግረኝም? አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ነዳጅ ያገኘ ቢሮና የተቀደደ በርሜል ያገኘ ቢሮ እኩል ይታያል? በይ ቅጹን አስተካክለሽ ጻፊና ፈርሚ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደንቆሮ ይመስለኝ ነበር፤ ለደንቆሮ እንኳ ይታዘናል። አልፈረምሁም።

ሐሙስ ሦስት መኪና ሙሉ ሰው መጣ። አፈወርቅ ሱፉን ለብሶ፣ ሹል ጫማው ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፣ «ከእግራችን ሥር ስለተኛው ሀብት» ረጅም ንግግር አደረገ። የመንደሩ ሽማግሌዎች በብርድ ቆመው አጨበጨቡ፤ አጨብጭቡ ተብለዋል። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ምንተስኖት የሚባል ዝምተኛ ባለሙያ፣ ውኃውን በእፍኙ ጨልፎ አሸተተና ቀና ብሎ ዳገቱን አየ።

«ከላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ተራራ ነው» አለ አፈወርቅ።

«ካባ ነው፣ ጌታዬ» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከሰዉ መካከል። «እሳቸው በጥምቀት ዕለት የጎበኙት።»

ማህደሩን ለምንተስኖት ሰጠሁት። እንደ ቆመ እስከ መጨረሻው ገጽ አነበበ። አፈወርቅ ሰዓቱን አይቶ «ምሳ ደርሷል» አለ።

ካባው ታገደ፤ ባለቤቱም ቦዩን እንዲያጸዳ ታዘዘ። አፈወርቅስ? ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፣ ያውም በኃላፊነት። በሽኝቱ ላይ ጋቢ አለበሱት፣ ስለ ትጋቱም ብዙ ተነገረ አሉ። እኔ አልሄድሁም። አጽዳ የተባለው የካባው ባለቤት ብቅ ሳይል ቀርቶ ስለነበር፣ ያን ዕለት ከወይዘሮ ጥሩሸዋና ከጎረቤቶቻቸው ጋር አካፋ ይዤ የጠቆረውን አፈር ሳወጣ ዋልሁ። ውኃው እስኪጠራ ገና አንድ ክረምት ይፈልጋል።