ቦራን ያስለመደው እጅ

መብርሂት ካዛንቺስ ባለ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ የምትኖረው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሕንፃው ጀርባ በቆርቆሮ በታጠረ ባዶ ቦታ ጋሽ ደጋጋ የሚባሉ ሰውዬ ሁለት ፈረሶች ነበሯቸው። ቅዳሜና እሁድ ልጆች ያስጋልባሉ። መብርሂት ጠዋት ወደ ታክሲ ስትሄድ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ለሚሉት ፈረስ በመዳፏ ስኳር ትሰጠው ነበር።

«በእጅሽ አታብዪው» አሏት አንድ ቀን ጋሽ ደጋጋ። «እጅ ባየ ቁጥር የሚበላ ነገር የያዘ ይመስለዋል። ሲያጣ ይነክሳል።»

«እሺ» አለች። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በሌሉበት ትሰጠው ጀመር።

መስከረም ላይ ቦራ የሹራቧን እጅጌ በጥርሱ ይዞ ጎተታት። ደነገጠች፤ ቀጥሎ ሳቅ አለች። ኪሷ ውስጥ የቀረችውንም ስኳር ሰጠችው። ለማንም አልተናገረችም።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ጋሽ ደጋጋ ልጓም ሊያጎርሱት እጃቸውን ሲዘረጉ ቦራ ነከሳቸው። የሌባ ጣታቸው ጫፍ ተቆረጠ።

መብርሂት ከኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ ሰምታ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃቸው ሄደች። ጋሽ ደጋጋ የታሰረ እጃቸውን ትራስ ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል።

«አስራ አንድ ዓመት ነክሶኝ አያውቅም» አሏት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አፉ ሥር ቆምኩ። ከዚያ ደግሞ በንዴት ፊቱን በልጓሙ መታሁት። በቃ፣ ከእንግዲህ ልጅ አይጫንበትም። ሞጆ ያለ አንድ ባለጋሪ ሊወስደው ነው።»

መብርሂት ብርቱካኑን ልጣ ሰጠቻቸው።

ማክሰኞ በአጥሩ በኩል ስታልፍ ቦራ አንገቱን አውጥቶ በከንፈሩ እጇን ፈለገ። ጉንጩ አብጧል። ወደ ታክሲው መሄዷን ትታ ቀጥታ እሳቸው ቤት ተመለሰች።

«ጋሽ ደጋጋ፣ ከከለከሉኝ በኋላም ስኳር እሰጠው ነበር። እጅጌዬንም ይዞኝ ነበር። አልነገርኩዎትም።»

«መቼ?»

«መስከረም ላይ።»

የታሰረ እጃቸውን አዩ። «ከመስከረም ወዲህ ስንት ልጅ ጫንኩበት» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። መብርሂት ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

የለመደውን አመል ማስተው ይቻላል ብለው ያን ቀን የሞጆው ሰው እንዳይመጣ ደወሉለት። ለእሷም «ቅዳሜ ነይ። በአንድ እጅ አልችለውም» አሏት።

ሄደች። «ፊት ለፊቱ አትቁሚ፣ ትከሻው ጋ ሁኚ» እያሉ አሳዩዋት። «ገመዱን እጅሽ ላይ አትጠምጥሚው፤ ከሮጠ ይዞሽ ይሄዳል። አፉን ሲያመጣ በክርንሽ ግፊው። መምታት ግን የለም፤ ከእንግዲህ ማንም አይመታውም። ገብሱ በባልዲ ይሆናል።» ልጆቹን ሌላኛው ፈረስ ብቻ ይሸከማል። ቦራ መጀመሪያ ሰሞን እጅ ሲነሳ ጭንቅላቱን ይሸሽ ነበር። ያን ባየች ቁጥር እጇን ዝቅ ታደርጋለች።

በሰባተኛው ቅዳሜ የጋሽ ደጋጋ ባለቤት እትዬ ጀማነሽ ዳቦ ይዘው መጡ። «ዘመድ እንኳ እንዲህ አያደርግም፤ እግዜር ይስጥሽ» አሏት።

መብርሂት ወደ ጋሽ ደጋጋ ዞረች። ጥፋቷን ለባለቤታቸው አልነገሩም ማለት ነው። እሳቸው ባልዲውን ያጥባሉ፤ ቀና አላሉም።

«እትዬ ጀማነሽ» አለች፣ «ቦራ የነከሳቸው በእኔ ምክንያት ነው። እየከለከሉኝ በእጄ እየመገብኩ አስለመድኩት። ሲጀምረውም ደበቅኩ።»

እትዬ ጀማነሽ ባላቸውን አዩ። «ታውቅ ነበር?»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ደጋጋ።

እትዬ ጀማነሽ ዳቦውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። ከዚያ በኋላ ባለው መጡ፤ ያመጡትን ምሳ ለባላቸው ሰጥተው መብርሂትን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ብቻ ሰላም አሏት። እሷም ከወገቧ ጎንበስ ብላ አፀፋውን መለሰችና ቦራን መቦረሿን ቀጠለች።