ስም ያለው በሽታ

በሰው ልጅ የሚቀና ሞልቷል፤ በሰው በሬ የሚቀናም አይጠፋም። እናኑ ግን፣ ይቅር ይበላትና፣ የቀናችው በሰው በሽታ ነው።

እናኑ በ2004 ዓ.ም. ከማንኩሳ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። የሰውን ልጅ ስታስከትብ ትውላለች፤ የራሷ አራት ፅንሶች ግን ሳይወለዱ ቀሩ። ጎረቤቷ አስካለ ማርያምም እንዲሁ፣ አራት። አገሩ «ሾተላይ ነው» ብሎ ፈርዶባቸዋል፤ እርጉዝ ሴት ከሩቅ ስታያቸው መንገድ ትለውጣለች። ስለዚህ ሁለቱ ጠበል የሚሄዱትም የሚያለቅሱትም አብረው ነበር።

«ኧረ ተነሽ፣ እንታይ!» ብላ አስካለን ጎትታ ባሕር ዳር የወሰደቻት እናኑ ናት። ደማቸው አዲስ አበባ ድረስ ተልኮ ታየ፤ ከሦስት ወር በኋላም ዳግመኛ። ሐኪሙ አስካለን አስቀምጦ፣ «በሽታሽ ስሙ ታውቋል፤ በደምሽ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ተሳስቷል። ጠላት መውጋት ሲገባው የገዛ ሰውነትሽን ይወጋል፤ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ደሙ እየረጋ ፅንሱ ምግብ ያጣል። ስትፀንሺ አስፒሪን ትውጫለሽ፤ ደም የሚያቀጥን መርፌም በየጠዋቱ ሆድሽ ላይ ትወጊያለሽ። አንድም ቀን እንዳይዘለል» አላት።

ወደ እናኑ ዞረ። «ያንቺ ደም ደህና ነው። ምንም አላገኘንም።»

አስካለ አለቀሰች። እናኑ ከእሷ ብሳ አለቀሰች። ደህና ከሆነ ታዲያ ልጆቼ የት ገቡ? ለእሷስ መርፌ ተገኘላት፤ እኔን ምን ሊወጉኝ ነው?

አስካለ ፀነሰች። ባሏ ወልደ ዮሐንስ ሲያርስ ውሎ እጁ የማይዝል ሰው፣ መርፌ ሲያይ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ የምትወጋት እናኑ ሆነች። አራተኛው ወር አለፈ፤ አምስተኛው አለፈ፤ አራቱም ፅንሶች የወረዱበት ስድስተኛውም አለፈ። የእናኑ አፍ «እሰይ፣ እሰይ» ይላል፤ ሆዷ ያርራል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

በሰባተኛው ወር አንድ ጠዋት የአስካለን ሆድ ቆንጥጣ ስትይዝ ልጁ እጇን ረገጣት። ወግታት ቤቷ ገባች፤ በማግስቱ አልሄደችም። ፀሐይ ወጣች፣ ከብት ተሰማራ፣ እሷ በሯን ዘግታ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። «አንድ ቀን ቢቀር ምን ይሆናል?» አለች ለራሷ። ምን ሊሆን እንደሚችል ደግሞ በቀበሌው ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

በሩ ተንኳኳ። አስካለ ናት፤ ያን የሚያህል ሆድ ይዛ ዳገቱን ወጥታ፣ መርፌዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ።

«ምነው፣ አሞሽ ነው እንዴ?»

«አላመመኝም! እሱ አይደል የቸገረኝ!» እናኑ ፈነዳች። «ቀንቼብሽ ነው! በልጅሽ እንዳይመስልሽ፣ በበሽታሽ ነው። ያንቺ ስም ወጣለት፣ መድኃኒት ተገኘለት። የእኔ ‹ምንም› ነው የተባለ። ሌላ ሰው ፈልጊ፤ እኔ እጄን አላምነውም።»

አስካለ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ቀሚሷን ገለጠች። ሆዷ ከእምብርቷ ግራና ቀኝ በልዟል።

«ይኸን ሁሉ ወር ስትወጊኝ እንደምትቀኚ የማላውቅ መሰለሽ?» አለች። «እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እቀናለሁ። ቅኚ፣ እቴ። ብቻ ውጊኝ።»

እናኑ ተነሥታ እጇን ታጠበች።