በወንበሩ ስፌት ውስጥ

መዝገብ ቤት የምትሠራው ሴት ክንዷ ላይ በመስመር የተደረደሩ ሦስት ቀያይ እብጠቶች ያየች ቀን ጥፋቱን ያላከከችው በቤቷ ላይ ነበር። አንሶላውን ቀቀለች፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣች፣ አልጋውን ፈታታ ባሏን ግማሽ ቀን ሙሉ ብሎን አስያዘችው። አንድም ነገር አልተገኘም። ባሏም ልጇም አልተነከሱም። እሷን ግን ማሳከኩ አልተዋትም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የምስር ክክ የምታክል ቡናማ ትኋን ከሻርፗ ወርዳ ጠረጴዛው ላይ ስትሄድ ፊት ለፊቷ የምትቀመጠው ጸሐፊ አየቻት። ጸሐፊዋ ወንበሯን ሸሸት አደረገች። እስከ ምሳ ወሬው ቢሮውን አዳረሰው። ኮቷን ስትሰቅል ሌሎቹ የየራሳቸውን እያነሱ ሄዱ። ምሳዋን ብቻዋን በላች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች፤ ሥራ መልቀቂያ እስከ መጻፍም ደረሰች።

ቢሮውን የሚያጸዱት ሴትዮ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉ ሁሉም እትዬ መነጽር ይሏቸዋል። በሥራ መውጫ ላይ ለመጥረግ ሲገቡ እያለቀሰች ስትጽፍ አገኟት። የሆነውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። እሳቸው አልሸሹም፤ እጅጌዋን ሰብስበው ክንዷን በመነጽራቸው ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ቤትሽን ፈትሸሻል፣ ቀኑን ሙሉ የምትውይበትንስ ማን ፈተሸው ብለው ጠየቋት።

ወንበሯን ገለበጡት። ስፌቱን በካርድ ጠርዝ ፈልቀቅ ሲያደርጉት፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ነካ የተደረገ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ፣ የትኋን ኩስ፣ ታየ። አጠገቡ ትኋን ስታድግ የጣለችው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ባዶ ቅርፊት ነበር። የጸሐፊዋን ወንበር አዩ፤ ንጹሕ ነው። ከመዝገብ ቤቷ ሴት ጀርባ፣ በቅርቡ ከሌላ ሕንፃ የመጣ የባለጉዳይ ሶፋ አለ። ትራሱን ሲያነሱት ትኋኖቹ ከነልጆቻቸው ጥጉ ላይ ታጭቀው ተገኙ።

"አየሽ ልጄ፣" አሏት፤ "አንቺ አላመጣሻቸውም። እነሱ ናቸው አንቺን ያገኙሽ።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የጀመረችውን መልቀቂያ ያኔ ቀደደችው።

እትዬ መነጽር አንዷን በፕላስተር አጣብቀው በማግስቱ ለኃላፊው አሳዩ፤ የማንንም ስም አላነሱም። የተጠራው ተባይ አጥፊ ባለሙያ ፍተሻውን ከኃላፊው ክፍል ጀመረና ከራሱ ከኃላፊው ወንበር ሥር ሁለት አወጣ። ከዚያ ወዲያ ሰው አፉን ሰበሰበ። ሶፋው ወጣ፣ ክፍሎቹ ሁለት ጊዜ ተረጩ።

ነገሩ ሲያልቅ ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስቦ ባለሙያውን አመሰገነ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስብሰባ ላይ ተናግራ የማታውቀው የመዝገብ ቤቷ ሴት እጇን አወጣች። 

"ያገኟቸው እትዬ መነጽር ናቸው። ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ እሳቸው ክንዴን ያዙኝ። እድሜ ይስጥልኝ።"

እትዬ መነጽር በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጸሐፊዋ ቀድማ ተነሣችና ወንበሯን ለቀቀችላቸው፤ ከዚያ ወደ መዝገብ ቤቷ ሴት ሄዳ አጠገቧ ቆመች። ኃላፊው ምን እናድርግልዎ ብሎ እትዬ መነጽርን ሲጠይቅ የለመኑት ጥሩ ባትሪ ብቻ ነው። የሚያሳክከው ሰው ቢኖር ግን ሳይደብቅ እንዲነግራቸው አደራ አሉ።

አሁን በየወሩ መጀመሪያ እትዬ መነጽር ባትሪያቸውን ይዘው ክፍል ለክፍል ይዞራሉ። ወንበር የምትገለብጥላቸው የመዝገብ ቤቷ ሴት ናት፤ ወገባቸውን ያማቸዋልና።